ለምራቂ የተሰጠች ሎሪ

ካርታ መጫወት የተማርሁት በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ በስደተኛ ጣቢያ፣ ድርጅት ያደለኝን ብስኩት እየቆረጠምሁ ነው። ባገሬ በመተማ ካርታ ለሚጫወት ሰው ልጅ አይዳርለትም፣ ዋስ የሚሆነውም አይገኝም ነበር። እኔ ራሴ የሰባተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ፣ ኪሱ ውስጥ ካርታ ያገኘሁበትን ተማሪ ወላጅ አምጣ ብዬ ከክፍል አባርሬ አውቃለሁ። እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም ይባላል። በኔ ላይ ስልጠና ላከብኝ።

ካርቱም ከተረበሸች ወዲህ ጣቢያችን ያለባት የሱዳኗ ገዳሪፍ በተፈናቃይ እስከ አፍ ገደፏ ሞላች። ለኛ ይመጣ የነበረው ዘይትና ምስር እየቀነሰ ሲሄድ ስልጠናው በዚያው ልክ እየበዛ መጣ። ውሃ በሌለበት እጅ መታጠብ ሠለጠንን። ቁጣን መቆጣጠርም ሠለጠንን፤ በዚያ ስልጠና ላይ የብስኩቱ አከፋፈል አጣልቶን አሠልጣኟ አልቅሳ ሄዳለች። ቀጥሎ የመጣው “የንግድ ክህሎት በጨዋታ” የሚባለው ነው።

ይኸኛው ግን በብስኩት ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። ድርጅቱ በጣቢያው ገበያ ዳር አንድ ሱቅ ሠርቶ ነበር። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ በሩ ብረት፣ ወለሉ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ያለ ሲሚንቶ። የዚህ አገር ዋልካ ክረምት ሲገባ ጫማ ከእግር ነጥቆ ያስቀራል፤ ጎርፉም መጠለያ ውስጥ ገብቶ ድስት ያንሳፍፋል። ስለዚህ ያ ከፍ ያለ ወለል ለኛ ቤተ መንግሥት ነው። ዕጣ ይጣልበት ቢሉ አንድ ነገር ነው፤ ለባሰበት ይሰጥ ቢሉም አንድ ነገር ነው። ድርጅቱ ግን በካርታ ጨዋታው ላሸነፈ እሰጣለሁ አለ፤ በካርታ ነጋዴ የሆነ በሱቅም ነጋዴ ይሆናል በሚል። በዚህ ሒሳብ ገበጣ የሚችል ሁሉ ገበሬ መሆን ነበረበት።

ለውድድሩ አራት ሰዎች ተመረጥን። አንደኛው ባገራቸው ስመ ጥር የሰሊጥ ነጋዴ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ሁለተኛው ዲያቆን ነው። ካርታ ኃጢአት መሆኑን ስለሚያውቅ ቄሱን ሊያስፈቅድ ሄደና፣ ካርታ ከሆነ አይቻልም፣ ስልጠና ከሆነ ግን ግድ የለም ተብሎ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፊቱ “ካርታ” ያለ ሰው ካለ “ስልጠና በል” እያለ ያርማል። ሦስተኛዋ በገበያው ውስጥ ጣዕሚያ የምትጠብስ ሴት ናት፤ ሽንብራ ዘፍዝፋ፣ ፈጭታ፣ ድብልብል አድርጋ በዘይት ትጠብሳለች። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ተወዳዳሪም፣ አስተርጓሚም።

አስተርጓሚ ያስፈለገበት ምክንያት ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። አሠልጣኛችን ከካርቱም የተፈናቀለ ወጣት ሱዳናዊ ነበር፤ ኡስታዝ እንለዋለን። ዐረብኛ የእናቱ ቋንቋ ነው። እኛም ይብዛም ይነስ ዐረብኛ እንሰማለን፤ ዱቄት የምንገዛው በሱ ነው። ነገር ግን የድርጅቱ ወረቀት “ስልጠናው በእንግሊዝኛ፣ በአስተርጓሚ” ስለሚል፣ ምስኪኑ ላብ እያጠመቀው በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ አባባ ደግሞ ወደ እሱ ዞር ብለው በዐረብኛ “ምን ማለትህ ነው?” ይሉታል። እሱም በዐረብኛ ይነግራቸዋል። ለዚህ ድካሜ በየቀኑ አንድ ተጨማሪ ብስኩት ይሰጠኝ ነበር።

ስለ ሴቲቱ ትንሽ ልበል። ገዳሪፍ የደረሰችው ገና በእናቷ ጀርባ ታዝላ፣ በቀድሞው ስደት ጊዜ ነው። አድጋ አገሯ ገባች፣ ትዳር ያዘች፤ አሁን ደግሞ ባሏን ቀብራ ተመልሳ መጣች። ሰው መሬት ይወርሳል፤ እሷ የወረሰችው ስደት ነው። አማርኛ ማንበብ ስለማትችል ከጣቢያው ጽሕፈት ቤት ወረቀት በደረሳት ቁጥር ወደኔ ትመጣለች። እኔም መነጽሬን አስተካክዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ “ነገ ጠዋት ሳሙና ይታደላል” የሚለውን እንደ ዐዋጅ አነብላታለሁ።

የምትጠብሰው በአራት እንጨት ላይ በተወጠረ ላስቲክ ሥር ነው። ሁለት ክረምት እዚያው አሳልፋለች። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ ላስቲኩ ያጠራቀመውን ውሃ የጋለው ዘይት ላይ ይደፋዋል፤ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ያለው ጠባሳ የዚያ ነው። ሱቁ ለማን ይገባል ተብሎ ጣቢያው ቢጠየቅ፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ እሷን ያሳይ ነበር። ጨዋታው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ራሷ በግልጽ ነገረችን። “ዘንድሮም ሽንብራዬና ከሰሌ ከበሰበሰ ኸላስ ነው፣ አበቃ። ቁረይሻ አረም ነቀላ ነው የምሄደው” አለች። ቁረይሻን አውቀዋለሁ፤ ያረምሁበት አገር ነው። ለሃያ ዓመት ጎረምሳ ወገብ እንኳ የሚከብድ ሥራ ነው።

እኔስ? እኔም ሱቁን ፈልጌዋለሁ፤ ምን እደብቃለሁ። ስልክ ቻርጅ የማደርግበት፣ የሰው ማመልከቻ የምጽፍበት፣ በሩ ላይ ስሜ የተጻፈበት ሰሌዳ የሚሰቀልበት ቦታ እየታየኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። መምህር ነበርሁ፤ ማንም ሳያየኝ ሦስት ዓመት ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ሰው እንደገና እንዲፈልገኝ ፈለግሁ።

አሁን ወደ ጨዋታው። ከየት አገር እንደመጣ ባላውቅም የብርድ አገር መሆኑን ስዕሉ ይናገራል። ካርዶቹ ላይ ጠጉሩ መሬት የሚጠርግ በግ፣ ስንዴ፣ ጡብ፣ የወይን ጠጅ በርሜል፣ ሸራ የወጠረ መርከብ አለ። አባባ መርከቡን አገላብጠው አዩና “ጭነት የምታመላልስ ከሆነች ይቺ ሎሪ ናት” አሉ፤ ሎሪ ሆነች። ስንዴው ሰሊጥ ተባለ። በርሜሉ፣ ለዲያቆኑ ሲባል፣ ዘይት ተሞላ። ማኅተም ያለበት ካርድ ደግሞ ያለ ምንም ክርክር ተስሪህ ተባለ፤ ያለዚህ የመንግሥት ፈቃድ እዚህ አገር ከጣቢያ ወጥቶ እዚህ ቅርብ ያለችው ሾዋክ ከተማ እንኳ መድረስ ስለማይቻል ሁላችንም እንኖርበታለን።

ተጫዋቹ ሁሉ ነጋዴ ነው። በየተራው ከክምሩ ካርድ ይስባል፤ የደረሰውን ሰሊጥ ወይም ዘይት ለገበያው ወይም ለሌላ ተጫዋች ይሸጣል፤ ባገኘው የፕላስቲክ ሳንቲም መጋዘንና ተስሪህ ይገዛል። ሎሪ ግን አይገዛም፤ ዕድሉ ካለ ከክምሩ ይወጣል። ሎሪ፣ መጋዘንና ተስሪህ ሦስቱን ቀድሞ የያዘ ንግድ ቤት ከፈተ ይባላል፤ አሸነፈ ማለት ነው። ሲወራ ቀላል ነው። ነገር ግን ሰሊጥ ሻጭ ሲበዛ ዋጋው በጨዋታው ሰሌዳ ላይ ይወርዳል፣ ሲጠፋ ይወጣል፤ ድርቅ አለ፤ ቀረጥ አለ፤ የቀረጥም ቀረጥ አለ። መመሪያው የዳዊት ያህል ይወፍራል።

አባባ በመጀመሪያው ቀን “ደላላው የት አለ?” ብለው ጠየቁ። ደላላ የለም ሲባሉ ጨዋታውን ናቁት። ደላላ የሌለበት ገበያ፣ ውሃ የሌለው ጉድጓድ ነው አሉ። የሚጫወቱትም ባንድ ዘዴ ብቻ ነው፤ ሰሊጣቸውን ይዘው ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቃሉ። “ይወጣል” ይላሉ። ጨዋታው ያልቃል፣ ካርድ ይሰበሰባል፣ እሳቸው ሰሊጥ እንደታቀፉ ናቸው። ባገራቸውም ሁለት መጋዘን ሰሊጥ ዋጋ ይወጣል ብለው ይዘው ሳለ ነው ጦርነቱ የደረሰባቸው። ያን ስለምናውቅ በዚህ አንስቅባቸውም። ዲያቆኑ ደግሞ ከሁሉ ካርድ ቀረጥን ወደደ። “አሥራት ነው” ይልና ደስ ብሎት ይከፍላል፤ ካልደረሰበትም ይከፍላል።

ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ሴቲቱ ለአባባ ሦስት ሰሊጥ ሸጠች። ሦስቱን ቆጥራ አስቀመጠች፣ ሳንቲሙን ተቀበለች፣ ከዚያ አንድ በርሜል ዘይት መዘዘችና ከላይ ጣል አደረገችላቸው። አባባም እንደ ወጉ “ይባርክልሽ” ብለው ተቀበሉ። ኡስታዙ ደነገጠ። ካርድ ለምን ጨመረች ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ጠየቅኋት።

“ምራቂ ነዋ!” አለችኝ፣ ጤናዬን የተጠራጠረች ይመስል።

ምራቂን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ታገልሁ። ስጦታ ነው? አይደለም፤ ገዢው መብቱ ነው ብሎ ይጠይቃል። ቅናሽ ነው? አይደለም፤ ዋጋው አልተነካም። ጉቦ ነው? ሎቱ ስብሐት። በዐረብኛ ብነግረው በአንድ ቃል ይገባው ነበር፤ የገዳሪፍ ነጋዴም ቲማቲም መዝኖ ሁለት ፍሬ ይጨምራል። ግን ስልጠናው በእንግሊዝኛ ነው። ስንዳክር ቆይተን ኡስታዙ ማስታወሻው ላይ “የደንበኛ አያያዝ፤ በጣም ጥሩ” ብሎ ጻፈና አለፈ። ከዚያ በኋላ በኛ ጠረጴዛ ያለ ምራቂ የተሸጠ ነገር የለም።

በአራተኛው ቀን፣ ሌሎቹ ፉል ሊበሉ ሲወጡ እኔ ከመመሪያው ጋር ቀረሁ። የካርዱን ሣጥን አይጥ እንዳይበላው ሴቲቱ ማታ ማታ ቤቷ ወስዳ በብረት ሳንዱቋ ትቆልፍበታለች፤ ስለዚህ መመሪያውን የማገኘው በምሳ ሰዓት ብቻ ነበር። መጽሐፉ በፊት በኩል እንግሊዝኛ፣ ገልብጠው በኋላ በኩል ሲጀምሩት ዐረብኛ ነው። የዐረብኛውን ወገን ማንም አይገልጠውም። ኡስታዙ በሁለት ቀን ኮርስ ሁሉን አውቄዋለሁ ባይ ነው፤ እኛ ደግሞ ዐረብኛ የምንሰማ እንጂ የምናነብ አልነበርንም። እኔም የእንግሊዝኛውን ገጽ ስገልጥ እንዲህ የሚል አገኘሁ፤ “ያለ ዋጋ ከአንዱ ተጫዋች ወደ ሌላው የሄደ ካርድ ወዲያውኑ ወደ ክምሩ ይመለሳል።”

ምራቂ ክልክል ነው ማለት ነው። አራት ቀን ሙሉ ስንጫወት የኖርነው ስሕተት ነበር።

ከምሳ ሲመለሱ ልነግራቸው ነበር። አምናለሁ፣ ልነግራቸው ነበር። ነገር ግን በእጄ ከጠዋቱ የተጠራቀሙ ሦስት ምራቂዎች ነበሩ፤ አንዱም መጋዘን መግዣ ይሆነኛል። ነገ እነግራቸዋለሁ አልሁ። ነገ ደግሞ ሌላ ምራቂ መጣ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ አስተርጓሚነትም ሹመት መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ሌላው ሹም የሰውን ይወስዳል፤ አስተርጓሚ አንድ አንቀጽ ይዘላል፣ በቃ።

እንዲያውም ዘዴ አበጀሁ። ሦስት ሰሊጥ ስፈልግ ሦስቱን ባንዴ አልገዛም፤ አንድ አንድ እያልሁ ሦስት ጊዜ እገዛለሁ። ሦስት ግዢ፣ ሦስት ምራቂ። እኔ ስሸጥ ግን ምራቂዬ ሁልጊዜ ጡብ ነው፤ ጡብ በጨዋታው ውስጥ የሚትረፈረፍ፣ ማንም የማይገዛው ካርድ ነበር። አባባ ጡቦቼን ደርድረው “የመምህር ምራቂ ቤት ያሠራል” ብለው ይቀልዱ ነበር። ሁሉም ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። ሴቲቱ ግን የምትመርቀው በእጇ የመጣላትን ነው፤ ዘይትም ይሁን በግ ሳትሰስት ታስቀምጠዋለች። ያን ሳይ በሆዴ፣ ይቺ ሴት ንግድ አታውቅም እል ነበር። ሁለት ክረምት ላስቲክ ሥር ቆማ ሦስት ልጆች ያበላችውን ሴት ማለቴ ነው።

ሱቁ የሚለየው በመጨረሻው ቀን ጨዋታ ስለነበር፣ ያን ቀን የኡስታዙ አለቃ ከገዳሪፍ ከተማ ካሜራ ይዞ መጣ። ሰው ከቦን ቆመ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ቅርብ ነበር። ሴቲቱ ጠዋት ምጣዷን አልጣደችም፤ ነጭ ነጠላ ለብሳ መጥታ ተቀምጣለች።

አባባ ሰሊጥ ታቅፈዋል። ዲያቆኑ ባልተጠየቀው ቀረጥ ደህይቷል። የቀረነው ሁለታችን ነን። እኔ መጋዘንና ተስሪህ ይዣለሁ፤ የጎደለችኝ ሎሪ ብቻ ናት፤ ያውም ከክምሩ እምቢ ብላኛለች። እሷ መጋዘኗን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች። በእጇ የቀሩት ሦስት ካርዶች ናቸው፤ ምን እንደሆኑም ስከታተል ስለነበር አውቃለሁ፤ አንድ ሰሊጥና ሁለት ሎሪ። የጎደላት ተስሪህ ነው። ዋጋው አምስት ሳንቲም ነው፤ እሷ ደግሞ ምንም የላትም። ሰሊጧን ለገበያው ብትሸጥ ሦስት ብቻ ነው የምታገኘው።

ተራው የኔ ነበር።

“እቴ፣ ያቺን ሰሊጥ በአምስት ልግዛሽ?” አልኋት።

አባባ ቀና ብለው አዩኝ። አምስት ከሰጠኋት በሚቀጥለው ተራ ተስሪህ ገዝታ ታሸንፋለች፤ ሁሉም ይኼን ያያል። ቸርነት ይመስል ነበር። ሰውም “ጎሽ መምህር!” ሲል ሰማሁ። እኔ ያሰላሁትን ግን ማንም አላሰላውም ብዬ ነበር። ይቺ ሴት ያለ ምራቂ አትሸጥም፤ ሰሊጧ ስትሄድ ደግሞ በእጇ ሎሪ እንጂ ሌላ የሚመረቅ ነገር የለም።

ሰሊጧን ሰጠችኝ። አምስቱን ሳንቲም ተቀበለች። ከዚያ ሁለቱን ካርዶቿን ተመለከተች፤ ቀጥሎም እኔን ተመለከተችኝ፤ ከወትሮው ትንሽ ረዘም ያለ አተያይ ነበር። አንዷን ሎሪ መዛ ከሰሊጡ ላይ አኖረችልኝ።

“ምራቂህ” አለች።

ሎሪ፣ መጋዘን፣ ተስሪህ። ሦስቱን አሰልፌ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። አባባና ዲያቆኑ እርስ በርስ ተያዩ። ለድሌ ያደረባቸው አክብሮት መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ኡስታዙ አጨበጨበ፤ እሱ ሲያጨበጭብ ሰዉም አጨበጨበ፤ እሷም አጨበጨበች።

አለቃው ካሜራውን ደቀነብኝና የማሸነፍህ ምስጢር ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። “አርቆ ማሰብና የደንበኛን ፍላጎት ማወቅ” አልሁ በእንግሊዝኛ። ተርጉምላቸው አለኝ። ለሰዉ ተረጎምሁ፤ ያን ቀን አንዲት ቃል አላስቀረሁም። ዝናቡ የጀመረው ቁልፉን ስረከብ ነው። ሰው ሁሉ ወደየመጠለያው ሮጠ፤ እሷ ወደ ላስቲኳ ሮጠች፤ እኔ ወደ ሱቄ ገባሁ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ደስ አሰኝቶኛል ብል ማን ይጣላኛል? ደስ አሰኝቶኛል።

ሰሌዳዬ ተሰቀለ። ስልክ የሚያስሞላ፣ ማመልከቻ የሚያጽፍ ሰው መጣ። ሴቲቱ የመጀመሪያውን ሳምንት ከጣሪያዬ ጠርዝ ሥር እንድትጠብስ ፈቀድሁላት፤ ስለፈቀድሁም ራሴን እንደ ቅዱስ ቆጠርሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጭሱ የማመልከቻ ወረቀቴን አጠቆረው። በትሕትና ነገርኋት። “ልክ ነህ መምህር፣ ወረቀት ነው” ብላ ምጣዷን አንስታ ወደ ላስቲኳ ተመለሰች። በዚያው ወር አንድ ሌሊት ጎርፍ ገባና ሽንብራዋን በጆንያው እንዳለ አበቀለው። ከሰሉ ጭቃ ሆነ። የቀረውን ዘይት ሸጣ ለልጆቿ ዱቄት ገዛች።

ቁረይሻ የሚሄደው ትራክተር ተሳቢውን በሰው ሞልቶ የቆመው ልክ በሱቄ ፊት ለፊት ነው። ልጆቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ማረሚያዋን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ቻርጅ ላይ ያስቀመጠችውን ስልክ ልትወስድና ልትሰናበተኝ ነበር። ስልኳን ስሰጣት ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ አየሁት። ያን ሁሉ ቀን የዋጥሁት ነገር ባንዴ ወጣ።

“እቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያ የጨዋታው መመሪያ... ምራቂ ክልክል ነው የሚል ሕግ ነበረበት። ያለ ዋጋ የተሰጠ ካርድ ወደ ክምሩ ይመለሳል ይላል። ያቺ ሎሪ መመለስ ነበረባት። አውቅ ነበር፤ አልተረጎምሁላችሁም።”

አላፈጠጠችብኝም። ስልኳን አብርታ ባትሪው መሙላቱን አየች። ከዚያ ሕጉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ እንደ ጽሑፉ በጠራ ዐረብኛ፣ በቃሏ አለችልኝ።

“ገዳሪፍ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ መምህር። የማላነበው አማርኛውን ነው። ሣጥኑ እኔ ቤት አይደል የሚያድረው? በሦስተኛው ቀን አንብቤዋለሁ። ለአባባም ለዲያቆኑም ነግሬያቸዋለሁ።”

ጠየቅኋት። “ታዲያ ለምን ትመርቁ ነበር?”

“ገበያ ነው አላችሁን። ያለ ምራቂ ምን ገበያ አለ? ደግሞ አባባ፣ አስተርጓሚው እሱ ነው፣ ሲደርስበት ራሱ ይነግረናል፣ አታሳፍሩት አሉ። ጠበቅንህ።”

“የመጨረሻው ቀንስ? አንቺ ለምን አልተናገርሽም? ሱቁ እኮ...”

“የመረቅሁትን መልስ ልበል?” አለች፤ አሁን ድምፅዋ ከፍ አለ። “ሰው ፊት፣ ካሜራ ፊት፣ እጄን ዘርግቼ ምራቂዬን አምጣ ልበል? ሎሪዋን ስሰጥህ ዓይን ዓይንህን ሳይህ ነበር። ይኸው አሁን ይመልሳታል ብዬ።”

የትራክተሩ ሾፌር “ያላ! ያላ!” እያለ ጮኸ። ተሳቢው ላይ ያሉት ሴቶች ቦታ እንደያዙላት በእጅ ጠሯት። ማረሚያዋን ከትከሻዋ አስተካከለች፤ ግን አልሄደችም።

“ዛሬ የነገርኸኝ ቁልፉን ልትሰጠኝ ነው፣ ወይስ እንዲቀልህ?” አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ቁልፉን የመስጠት ነገር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሐሳቤ አልመጣም። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ቁልፉም እዚያው ነበር፤ ያዝሁት። ሰሌዳውን ያሠራሁበትን ገንዘብ አሰብሁ። ጠዋት የተቀበልኋቸውን ስልኮች አሰብሁ። እሷ ጠበቀችኝ፤ በጨዋታው ጠብቃኝ ነበር፣ ይኸ ሁለተኛው ነው።

“መንገዱ ሳይጨቀይ ግቡ” አልኋት።

“አሜን” ብላ ወጣች። ሁለት ሴቶች ክንዷን ይዘው ወደ ተሳቢው ሳቧት። ትራክተሩ እስኪታጠፍ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ገባሁ፤ ሦስት ሰው ማመልከቻ ሊያጽፍ ተራ ይዞ ይጠብቀኝ ነበር።